የጋራ ላይብረሪ ኮድ፦ ማን ያንብበው፣ ማን ይንካው፣ ማን ያውጣው?

ሰንጋተራ_ባክኤንድ

ሰላም ለሁላችሁ። ቢሮአችን ሜክሲኮና ሰንጋተራ መካከል ነው። ለቁጠባና ብድር ተቋማት ሶፍትዌር እንሠራለን። ባክኤንዱ ጃቫ ነው፣ ፍሮንትኤንዱ ጃቫስክሪፕት።

ፕሮጀክቶቻችን ሁሉ የሚጋሯቸው ጥቂት ላይብረሪዎች፣ ማለትም አንዴ ተጽፈው ሁሉም የሚጠቀምባቸው ኮዶች፣ አሉ። አንዱ ዘመን አቆጣጠር ይቀይራል፤ ከእኛ ወደ ፈረንጅ፣ ከፈረንጅ ወደ እኛ። ሌላው ስልክ ቁጥር ያስተካክላል። በ09 ይጀምር፣ በ07 ይጀምር፣ በ251 ይጀምር፣ አንድ ቅርጽ ያስይዘዋል። ሦስተኛው ወደ ክፍያ ሲስተም በሚሄደው መልእክት ላይ ዲጂታል ፊርማ ያኖራል።

ቲሙ ትንሽ ሳለ ሁሉም ሁሉንም ይነካ ነበር። አሁን ኮንትራት ሠራተኞች አሉ፣ ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ኢንተርኖች አሉ። ፈቃዱ ግን እንደ ድሮው ነው። ላይብረሪዎቹ ተዘጋጅተው የሚቀመጡበት ሰርቨር፣ ኔክሰስ ላይ ፐብሊሽ የሚያደርገው (አዲስ ቨርዥን የሚያወጣው) አካውንት አንድ ነው። የይለፍ ቃሉም በሁሉም ላፕቶፕ ላይ አለ።

ባለፈው አርብ ከሰዓት አንድ ሰው የዘመን መቀየሪያው ላይ ሁለት መስመር ነካ። ከዚያ በዚያው በቀድሞው የቨርዥን ቁጥር መልሶ አወጣው። ሰኞ ጠዋት የአንድ ፕሮጀክት የብድር መክፈያ ቀኖች በሙሉ አንድ ቀን ወደ ኋላ ሄደው አገኘናቸው። ይባስ ብሎ በአንዱ ላፕቶፕ ልክ ነው፣ በሌላው ስህተት። ማን እንዳወጣው ማወቅ አልተቻለም። አካውንቱ የሁሉም ነዋ።

ማናጀራችን በጣም ተቆጡ። «ከዛሬ ጀምሮ የላይብረሪውን ኮድ የሚያዩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሌላው ጃሩን (ተዘጋጅቶ የታሸገውን ፋይል) ወስዶ ይጠቀም» አሉ። ልጆቹ ደግሞ አኩርፈዋል። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ሐሳብ ይዤ መቅረብ አለብኝ። እናንተ ጋ እንዴት ነው የሚሠራው?

ቢልድ_ቀይ

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ማናጀራችሁ የፈሩት ኮዱ ይሰረቃል ብለው ነው ወይስ ይበላሻል ብለው? አርብ የሆነው መበላሸት ነው። የታሰበው መፍትሔ ግን ለስርቆት ነው። ማንበብን ብትዘጋው ያን ሁለት መስመር የሚያግድ ነገር የለም። የነካው ሰው ከሦስቱ አንዱ ሊሆን ይችላል እኮ።

«በአንዱ ላፕቶፕ ልክ፣ በሌላው ስህተት» ያልከው ደግሞ ምክንያቱ ይታወቃል። ሜቨን (የጃቫ ላይብረሪ የሚያወርደው መሣሪያ) የተለቀቀ ቨርዥን አንዴ ካወረደ እዚያው ላፕቶፑ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ተመልሶ አይጠይቅም። በዚያው ቁጥር ሌላ ነገር ስታወጣ ቀድሞ ያወረደው ሰው በድሮው ይቀጥላል። ዛሬ ያወረደው አዲሱን ያገኛል። ሁለቱም «1.4.2 ነው ያለኝ» ብለው ሲከራከሩ ይውላሉ፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ኔክሰስ ውስጥ የሪፖው (የማከማቻው) ሴቲንግ ላይ «ዲፕሎይመንት ፖሊሲ» የሚል አለ። «ዲስኤብል ሪዲፕሎይ» አድርገው። አንዴ የወጣ ቁጥር ዳግም አይወጣም። ለዚህ ስብሰባ አያስፈልግም፣ አሁኑኑ አድርገው።

ሰንጋተራ_ባክኤንድ

አየሁት፣ ክፍት ነበር። ዘግቼዋለሁ። ለጥያቄህ፣ ማናጀራችን ሁለቱንም ነው የሚፈሩት። ከኮንትራት ሠራተኞቹ አንዱ ለሌላ ድርጅትም ይሠራል የሚል ወሬ ሰምተዋል።

ጋሽ_ሊኑክስ

ልጄ፣ ማንበብን አትዝጋ። መንካትን ዝጋ፣ ማውጣትን ደግሞ ከዚያ የበለጠ ዝጋ። እድር ውስጥ ሒሳቡን አባል ሁሉ ያያል፣ ከባንክ የሚያወጡት ግን የፈረሙት ሦስቱ ናቸው። ሁሉም ስለሚያይ ነው ሦስቱ የሚታመኑት።

ይህን የምለው ማንበብ ሲዘጋ የሚመጣውን ስላየሁ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ትልቅ የፋይናንስ ተቋም ውስጥ ዋናው የዘመን መቀየሪያ በአንድ ክፍል እጅ ብቻ ነበር። ኮዱን ሌላ ክፍል አያየውም። ጃሩን እንኳ ለማግኘት ደብዳቤ ይጻፋል። ሰው ሥራ አለበት፣ ደብዳቤ እስኪፈረም አይጠብቅም። እያንዳንዱ ክፍል የየራሱን መቀየሪያ ጻፈ። አንዱ ከኢንተርኔት ቀዳ፣ አንዱ በኤክሴል ሠራ፣ አንዱ በዳታቤዙ ውስጥ ፕሮሲጀር አደረገው።

ከዚያ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 መጣች። የእኛ ዓመት ለአራት ተካፍሎ ሦስት ሲተርፍ ጳጉሜን ስድስት ቀን ትሆናለች። 2015 እንደዚያ ነው፣ በፈረንጅ መስከረም 11 ቀን 2023 ላይ ዋለች። አንዱ ሲስተም ቀኗን አልቀበልም አለ። አንዱ መስከረም 1 ናት አለ። አንዱ በትክክል አለፋት። የዕለት ሒሳብ መዝጊያው ሦስት ዓይነት ሆነ። ሰዎች እስከ እኩለ ሌሊት በእጅ ሲያስታርቁ አደሩ።

ዋናው ላይብረሪ ልክ ነበር። ኮዱ ታይቶ ቢሆን ማንም ሌላ አይጽፍም ነበር። የተዘጋ ኮድ አይጠበቅም፤ ይባዛል እንጂ። የተባዛውን ደግሞ ማን ይቆጣጠረዋል?

ቀጣዩ ጳጉሜን 6 በ2019 ነው። ያንን ቴስት ካላስገባችሁ ዛሬ አስገቡ።

ፈራሚዋ

ጋሼ፣ ስለ ዘመን መቀየሪያው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ስለ ፊርማው ላይብረሪ ግን አልስማማም። እኔ የአይቲ ኦዲት ላይ ነኝ የምሠራው። ሁሉን ላይብረሪ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ልክ አይመስለኝም። ለሁለት ወር የመጣ የፍሮንትኤንድ ኮንትራት ሠራተኛ የክፍያ ፊርማውን ኮድ ማየት ለምን አስፈለገው? ሥራው የማይጠይቀውን ፈቃድ አለመስጠት ሰውን መጠርጠር አይደለም።

ስርቆትን በተመለከተ ግን ማናጀሩ መሸሸጊያው ላይ ብቻ ባይተማመኑ ይሻላል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ ሠራተኛ ለሥራው ብሎ የፈጠረው ሥራ፣ ሌላ ውል ከሌለ፣ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ነው። ኮምፒውተር ፕሮግራምም በዚህ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከኮንትራት ሠራተኞቹ ጋር ያላችሁ ውል ምን ይላል? ዝም ካለ ዝም እንዳይል አድርጉ። የሰውየውን ወሬ በፈቃድ ሴቲንግ ልትፈቱት አትችሉም።

ሌላም አለ። የሰው ትኩረት ኮዱ ላይ ነው። እኔ ግን ኦዲት ስገባ መጀመሪያ የምከፍተው የቴስት ፎልደሩን ነው። በአንድ ተቋም የስልክ ቁጥር ማስተካከያው ላይብረሪ ቴስት ውስጥ የእውነተኛ ደንበኞች ስምና ስልክ ቁጥር ተደርድሮ አግኝቻለሁ። አንድ ሰው ከፕሮዳክሽን ቀድቶ ለጥፎታል። ላይብረሪው ምስጢር የለውም ተብሎ ለሁሉም ክፍት ነበር። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ንባብን ከመክፈታችሁ በፊት ሪፖው ውስጥ ምን እንዳለ እዩ።

ጥቁር_ስክሪን

ፈራሚዋ ያለችው የቴስት ፎልደር ነገር ወርቅ ነው።

ስለ ፊርማው ላይብረሪ ግን ልከራከርሽ። ኮዱን ማየት ብቻውን ጉዳት የሚያመጣ ከሆነ ጥፋቱ የኮዱ ነው። ኦገስት ኬርክሆፍስ ይህንን የጻፈው በ1883 እ.ኤ.አ. ነው። ሲስተሙ ጠላት እጅ ቢገባ እንኳ ችግር ሊፈጠር አይገባም፣ ምስጢር መሆን ያለበት ቁልፉ ነው። እናንተ የምትጠቀሙበት የፊርማ ስልት እኮ በዓለም የታወቀ ነው። አርኤስኤ ይሁን ኤችማክ፣ አሠራሩ አደባባይ ላይ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው አንድ ነው፤ ቁልፉ የት ነው ያለው? ላይብረሪው ውስጥ ከሆነ፣ ኮድ ውስጥ፣ ፕሮፐርቲስ ፋይል ውስጥ፣ ወይም ጃሩ ውስጥ ከታሸገ፣ የማናጀሩ መፍትሔ አይረዳም። ጃር ዚፕ ማለት ነው። ማንም ይፈታዋል። «ኮዱን አታይም፣ ጃሩን ውሰድ» ማለት ቁልፉንም ውሰድ ማለት ነው።

ቁልፉን አውጡት። ሰርቨሩ ሲነሳ ከውጭ ይቀበል። ከሪፖው ላይ መሰረዝ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ጊት (የኮዱን ታሪክ የሚመዘግበው) የድሮውን አይረሳም። አንዴ ኮሚት የተደረገ (ታሪኩ ውስጥ የገባ) ቁልፍ እንደወጣ ይቆጠራል። መቀየር ነው ያለው።

ፈራሚዋ

በመርሁ ልክ ነህ። እኔ ግን የማወራው ዛሬ ስላለው ሪፖ ነው። ቁልፉ ወጥቶ፣ ተቀይሮ፣ ያ ሁሉ እስኪረጋገጥ ድረስ ንባቡ በሥራው ላይ ባሉት ሰዎች ይወሰን። ካጸዳችሁ በኋላ ክፈቱት፣ ያኔ አልከራከርም።

ጥቁር_ስክሪን

በዚህ ቅደም ተከተል እስማማለሁ።

አዲስ_ገቢ

ይቅርታ፣ እኔ ኢንተርን ነኝ፣ ሌላ ቦታ ነው ያለሁት። መንካት ይዘጋ ስትሉ ትንሽ ከፋኝ። እኛ ላይብረሪ ላይ ስህተት ብናይስ? ዝም ብለን ለቲም ሊዱ መንገር ብቻ ነው? እንደዚያ ከሆነ መቼ ነው የምንማረው?

ጋሽ_ሊኑክስ

የኔ ልጅ፣ ጥሩ ጠየቅሽ። መንካት ይዘጋ ስንል ዋናው ብራንች (ዋናው የኮዱ ቅጂ) ላይ በቀጥታ ፑሽ ማድረግ፣ ማለትም ለውጥ ማስገባት፣ ይዘጋ ማለታችን ነው። ሐሳብ ማቅረብ ለሁሉም ክፍት መሆን አለበት። የራስሽን ብራንች ትከፍቻለሽ፣ ታስተካክያለሽ፣ ቴስት ትጨምሪያለሽ፣ መርጅ ሪኩዌስት (ለውጤ ዋናው ውስጥ ይግባ የሚል ጥያቄ) ትልኪያለሽ። ባለቤቱ ያየዋል። ልክ ከሆነ ይገባል፣ በስምሽ ይመዘገባል።

ይህ ደንብ ለእኔም ነው። ስንት ዓመት ሠርቼ እኔም ሌላ ሰው ሳያየው ዋናው ላይ አላስገባም። ሲኒየሩ እንደፈለገ የሚገባበት፣ ኢንተርኑ ብቻ የሚፈተሽበት ቤት ከሆነ ያኔ መከፋትሽ ልክ ነው።

ደግሞ አንቺ የላክሽውን የሚያይ ሰው ምክንያቱን ጽፎ ይመልስልሽ። «አይሆንም» ብቻ ካለሽ ለምን ብለሽ ጠይቂ። ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው።

አዲስ_ገቢ

እሺ ጋሼ፣ ገባኝ። አመሰግናለሁ።

ቢልድ_ቀይ

ጋሼ ያሉትን በተግባር ለማዋል ስትሞክሩ የሚያደናቅፍ ነገር ስላለ ልናገር። ብዙ ሰው የየትኛው ኮድ ባለቤት ማን እንደሆነ የሚዘረዝረውን «ኮድኦውነርስ» የሚባል ፋይል ሪፖው ውስጥ ይጨምርና ጨረስኩ ይላል። ፋይሉ ብቻውን ማንንም አያግድም። ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ የብራንች ጥበቃው ውስጥ ገብተህ የባለቤት ሪቪው (ፍተሻ) ግዴታ ይሁን ካላልክ፣ ባለቤቱን ሪቪው እንዲያደርግ ይጠይቀዋል፣ በቃ። መርጁን አያስቆመውም።

ሁለተኛ፣ ጊትሃብ ላይ በነፃው አካውንት ለግል ሪፖ የብራንች ጥበቃ አይሠራም። የጊትሃብ ዓይነቱ ጊትላብ ላይ ደግሞ የብራንች ጥበቃው በነፃ አለ፣ የኮድ ባለቤት ማጽደቂያው ግን የሚከፈልበት ነው። ቲሙ ትንሽ ከሆነ ለላይብረሪው ብቻውን ሪፖ ስጠው። «ሜይንቴነር» ሁለት ሰው ይሁን፣ ሌላው ሁሉ «ዴቨሎፐር»። ዋናውን ብራንችና የቨርዥን ታጎቹን (ምልክቶቹን) ለሜይንቴነር ብቻ ክፈት። ነፃው በቂ ነው።

ስታዲየም_ዴቭኦፕስ

በዶላር መክፈል እዚህ ምን ያህል ጣጣ እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን። ካርዱ ይገኛል፣ ገደቡ ይሞላል፣ የወር ክፍያው ይዘላል፣ ቲሙ ከሪፖው ይዘጋበታል። ስለዚህ እዚሁ ሰርቨራችሁ ላይ የሚተከል ነገር ብትይዙ ይሻላል። ጊትያ የሚባለው የጊትሃብ ዓይነት ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ ቀላል ነው፣ የብራንች ጥበቃ አለው። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የሜቨንም፣ የኤንፒኤምም (የጃቫስክሪፕት)፣ የፓይፒአይም (የፓይተን) ላይብረሪ የሚያስቀምጥ የፓኬጅ ሬጂስትሪ (ማከማቻ) በውስጡ አለው። ኔክሰስ ካላችሁ እሱንም ማፍረስ አያስፈልግም።

ዋናው ነገር፦ ፐብሊሽ የማድረግ ፈቃድን ከላፕቶፕ ላይ አንሱ። ከሁሉም ላፕቶፕ። ከቲም ሊዱም። ማውጣት የሚችለው ሲአይ ሰርቨሩ (ኮዱን በራሱ የሚፈትሸውና የሚያዘጋጀው) ብቻ ይሁን። አካሄዱ እንዲህ ነው። መርጅ ሪኩዌስቱ ይጸድቃል። ሜይንቴነሩ የቨርዥን ታግ ያደርጋል። ሲአዩ ታጉን አይቶ ቴስቶቹን ያስኬዳል፣ ካለፉ ያወጣል። የኔክሰስ ይለፍ ቃል የሚቀመጠው ሲአይ ውስጥ ነው፣ ለተጠበቁ ታጎች ብቻ እንዲታይ ተደርጎ። ማን ታግ እንዳደረገ ይታወቃል፣ ማን እንዳጸደቀ ይታወቃል። አርብ ከሰዓት የሆነው ነገር በዚህ መንገድ አያልፍም።

ለማንበብ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ አካውንት፣ የማንበብ ፈቃድ ብቻ ያለው። የጋራ አካውንት ይቅር።

ፈራሚዋ

የጋራ አካውንት ላይ አንድ ልጨምር። ሰው ሥራ ሲለቅ ምን ይሆናል? የሽኝት ኬክ ተቆርጦ፣ ላፕቶፑ ተመልሶ፣ ኢሜይሉ ተዘግቶ፣ የኔክሰስ ይለፍ ቃሉ ግን ሰውየው ጋ ቤቱ ባለው ኮምፒውተር ላይ ይኖራል። የጋራውን ቢቀይሩት የሁሉም ቢልድ ይቆማል፤ ስለዚህ ማንም አይቀይረውም። በብዙ ቦታ ያየሁት ይህንን ነው።

የግል አካውንት ከሆነ አንዱን መዝጋት ሌላውን አይነካም። ለኮንትራት ሠራተኛ ቶከን (በይለፍ ቃል ፋንታ የሚሠራ መግቢያ) ስትሰጡ የሚያበቃበትን ቀን ከውሉ ጋር አንድ አድርጉት። ውሉ ሲታደስ ቶከኑም ይታደሳል። የሚያስታውስ ሰው አያስፈልግም።

የፓጉሜ_ልጅ

ሁሉም ስለ ሰው ፈቃድ እያወራ ነው። እኔ ሌላ ነገር ልጠይቅ። ሰንጋተራ፣ የተነኩት ሁለት መስመሮች ምን ነበሩ? የኔም ሥራ እዚሁ የዘመን መቀየሪያ ላይ ስለሆነ ነው።

ሰንጋተራ_ባክኤንድ

ቀን ከዘመን መነሻ ጀምሮ ስንተኛ እንደሆነ የሚቆጥረው ረዳት ሜተድ (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ) ነው። ቀድሞ ከአንድ ጀምሮ ይቆጥር ነበር። ያ ሰው ከዜሮ እንዲጀምር አደረገው፣ የሚጠራውንም መስመር አብሮ አስተካከለ። የላይብረሪው ቴስቶች በሙሉ ያልፋሉ። ለዚህም ነው ግራ የገባን።

የፓጉሜ_ልጅ

እንግዲያው ያ ሰው ላይብረሪው ውስጥ የሠራው ስህተት የለም! ሁለቱን መስመር አስማምቶ ነው የቀየረው። የተበላሸው ፕሮጀክት ግን ረዳቱን ሜተድ በቀጥታ ከውጭ እየጠራው ነበር። ገምቼ ነው፣ እስቲ ፈልግ።

ሰንጋተራ_ባክኤንድ

ፈለግኩ። ልክ ነህ። የብድር ፕሮጀክቱ የሁለት ቀን ልዩነት ለማስላት ያንን ሜተድ በቀጥታ ይጠራል። አንዱን ቀን ከእሱ፣ ሌላውን ከራሱ ስሌት ይወስዳል። ስለዚህ ነው በአንድ የሚያንሰው።

የፓጉሜ_ልጅ

በቃ፣ ጉዳዩ ይሄ ነው። አክሰስ (የመድረስ ፈቃድ) ሲባል የሰው ብቻ አይደለም፣ የኮድም ነው። ያ ሜተድ ለምን ፐብሊክ (ማንም የሚጠራው) ሆነ? ምናልባት ላይብረሪው ውስጥ ሁለት ፓኬጆች (የኮድ ክፍሎች) ስለሚጋሩት ይሆናል። ድሮ ጃቫ ላይ ሌላ ምርጫ አልነበረም። በፓኬጆች መካከል ለመጠራራት ፐብሊክ ታደርገዋለህ፣ ፐብሊክ ካደረግከው ደግሞ ዓለም ሁሉ ይጠራዋል። ጃቫ 9 በ2017 እ.ኤ.አ. ሞጁል ይዞ የመጣው ለዚህ ነው። ለውጭ የሚታየውን ፓኬጅ ብቻ «ኤክስፖርት» ታደርጋለህ። የቀረው ፐብሊክ ቢሆንም ከላይብረሪው አይወጣም። ጎ የሚባለው ቋንቋ ላይ ይህ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ «ኢንተርናል» የሚል ፎልደር ውስጥ ያስቀመጥከውን የውጭ ኮድ ማስገባት አይችልም፣ ቢልዱ እምቢ ይላል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ፕሮጀክታችሁ ጃሩን በሞጁል ፓዝ ሳይሆን በድሮው ክላስ ፓዝ ላይ ካስቀመጠው የሞጁል ክልከላው አይሠራም። አብዛኛው ቤት ደግሞ እስካሁን ክላስ ፓዝ ነው። እንደዚያ ከሆነ ረዳቶቹን ከሚጠራቸው ክላስ ጋር አንድ ፓኬጅ ውስጥ ሰብስበህ «ፐብሊክ» የሚለውን ቃል አንሳው። ለብድር ፕሮጀክቱ ደግሞ የቀን ልዩነት የሚያሰላ በትክክል የተሰየመ ሜተድ ጨምርላቸው። ፍላጎት ስላላቸው ነው በጓሮ የገቡት።

ጋሽ_ሊኑክስ

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ማናጀሩ ያንብቧት።

ስታዲየም_ዴቭኦፕስ

ወደ ውስጥ ስለሚገባውም ኮድ እናውራ። የራሳችሁን ላይብረሪ ስትጠብቁ፣ ቢልዳችሁ በየቀኑ ከውጭ ስንት ፓኬጅ እንደሚጎትት አስቡ። እዚህ ላይ ኔክሰሱ ትልቅ ነገር ይሠራል። ላፕቶፖቹና ሲአዩ በቀጥታ ወደ ውጭ አይሂዱ። ሁሉም በኔክሰስ በኩል ይለፍ፣ እሱ ያወረደውን ያስቀምጣል።

በሰኔ 2012 ኢንተርኔት በአገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቆይ፣ ልዩነቱ ያኔ ታየ። የውስጥ ሬጂስትሪ የነበረው ቲም ቢሮ ገብቶ ቢልድ ያደርግ ነበር። ያልነበረው አንዲት አዲስ ላፕቶፕ እንኳ ለሥራ ማዘጋጀት አልቻለም። ኢንተርኔት ባለበት ቀንም ቢሆን ፍጥነቱ ሌላ ነው።

አሁን ስለ አደጋው። በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. አሌክስ ቢርሳን የተባለ የደህንነት ተመራማሪ አንድ ነገር አሳየ። ትልልቅ ድርጅቶች ለውስጥ ብቻ የሚጠቀሙባቸውን የላይብረሪ ስሞች አገኘ። በዚያው ስም ኤንፒኤምና ፓይፒአይ ላይ ትልቅ የቨርዥን ቁጥር ሰጥቶ የራሱን ፓኬጅ አወጣ። የድርጅቶቹ ቢልድ ከውስጡ ይልቅ ትልቅ ቁጥር ያለውን የውጭውን አነሳ። አፕል፣ ማይክሮሶፍትና ፔይፓል ሳይቀሩ ከ35 በላይ ድርጅቶች ውስጥ ኮዱ ሠራ። እሱ ፈቃድ ባለበት ማዕቀፍ ነው ያደረገው። ሌባ ቢሆንስ?

ሰንጋተራ፣ ፍሮንትኤንዳችሁ ላይ ያሉት የውስጥ ፓኬጆች ስማቸው እንዴት ነው? እንዲሁ ባዶ ስም ከሆነ ለዚህ ተጋልጣችኋል። በ@ የሚጀምር የድርጅት ስም ከፊት ስጧቸው፣ ያንን ስም ኤንፒኤም ላይ ቀድማችሁ ያዙት። ኔክሰስ ላይ ደግሞ «ራውቲንግ ሩል» አለ፤ በዚያ ስም የሚጀምር ጥያቄ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ያደርጋል። ፓይተን የምትጠቀሙም፣ ፒፕ (የፓይተን ማውረጃው) ላይ «ኤክስትራ ኢንዴክስ» ብላችሁ የውስጡን ከውጭው ጎን አታስቀምጡ። ሁለቱን እኩል ያያቸውና ትልቁን ቁጥር ይመርጣል።

ሲአይ ላይ ደግሞ «ኤንፒኤም ኢንስቶል» ሳይሆን «ኤንፒኤም ሲአይ» ተጠቀሙ። ሎክ ፋይሉ (የእያንዳንዱ ፓኬጅ ቨርዥን የተመዘገበበት) ውስጥ ከተጻፈው ቁጥር ውልፍት አይልም፤ የወረደው ፓኬጅ ሃሽ (እንደ ጣት አሻራ ያለ መለያ) ካልገጠመ ይቆማል።

ቢልድ_ቀይ

እንዲያውም ሎክ ፋይሉ ጊት ውስጥ መኖር አለበት። አንዳንድ ሰው «ይጋጭብናል» ብሎ ጊትኢግኖር (ጊት የማይመዘግባቸው ፋይሎች ዝርዝር) ውስጥ ይከተዋል። ተዉ።

ጥቁር_ስክሪን

«ሁለት የምናምናቸው ሜይንቴነሮች ይያዙት» የሚለው ላይ አንድ ነገር አስጨንቆኛል። ኤክስዚ የተባለውን የማመቂያ ላይብረሪ አስታውሱ። አንድ ሰው ለዓመታት ጥሩ ጥሩ ኮድ እየላከ፣ የደከመውን ባለቤት እያገዘ፣ በመጨረሻ ራሱ የማውጣት ፈቃድ ያዘ። ከዚያ 5.6.0 እና 5.6.1 ላይ ጓሮ በር (ድብቅ መግቢያ) አስገባ። በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. የተገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ገንቢ ኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሰርቨር) መግቢያው በግማሽ ሰከንድ ገደማ ስለዘገየበት ነው። ዝም ብሎ ቢያልፈው ኖሮ ጓሮ በሩ የስንቱ ሰርቨር ውስጥ በገባ ነበር።

እኛ ጋ የሚያስፈራኝ ያ ባለቤት ብቻውን መሆኑ ነው። የኛ ዘመን መቀየሪያዎች፣ የፊደል ማስተካከያዎች፣ የስልክ ቁጥር ላይብረሪዎች ሁሉ በአንድ በደከመ ሰው ትከሻ ላይ ናቸው። ያ ሰው ሥራ ሲበዛበት «እስቲ አንተ ያዘው» ብሎ ቁልፉን ይሰጣል። ማናጀሩ ስለ ላይብረሪው ደህንነት ካሰቡ ለሜይንቴነሮቹ በሳምንት ውስጥ የተወሰነ ሰዓት ይመድቡላቸው። ሪቪው የሚያደርግ ሰው ጊዜ ከሌለው ማጽደቂያው ቁልፍ መጫን ብቻ ይሆናል።

ፈራሚዋ

ይህንን ኦዲት ሪፖርት ላይ እጽፈዋለሁ። ስምህን ግን አልጠቅስም።

ሰንጋተራ_ባክኤንድ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ከማናጀራችን ጋር ተቀምጠን ነበር። የአርቡ ችግር ምንጭ ከውጭ የተጠራው ሜተድ መሆኑን ሳሳያቸው ቁጣቸው በረደ። ሰው ሊቀጡ ነበር።

ዘመን መቀየሪያውና የስልክ ቁጥሩ ለሁሉም እንዲነበቡ ፈቀዱ፣ ቴስት ፎልደሮቹ ከታዩ በኋላ። ማውጣት በሲአይ ብቻ እንዲሆን ተስማምተዋል። የግል አካውንት መክፈቱን ነገ እጀምራለሁ። የሜይንቴነር ሰዓት ላይ ግን «እናያለን» ብለዋል። እገፋበታለሁ። የፊርማው ላይብረሪ ንባብ ቁልፉ እስኪቀየር በአራት ሰው ይወሰናል። ከዚያ በኋላ ይከፈት አይከፈት እኔና እሳቸው አልተግባባንም።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ያ የተበላሸው 1.4.2 ኔክሰስ ላይ እስካሁን አለ። ልሰርዘው?

ስታዲየም_ዴቭኦፕስ

አትሰርዘው። በመጋቢት 2016 እ.ኤ.አ. ሌፍትፓድ የምትባል 11 መስመር ብቻ ያላት ፓኬጅ ባለቤቷ ከኤንፒኤም ላይ ሲያነሳት በዓለም ዙሪያ ስንት ቢልድ እንደቆመ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ነው ኤንፒኤም ማንሳትን ያጠበቀው። የእናንተ የድሮ ፕሮጀክት አንዱ 1.4.2 ላይ ቆሞ ይሆናል፣ የምታውቀው ቢልዱ ሲወድቅ ነው።

ትክክለኛውን 1.4.3 ብለህ አውጣ። ሁሉም ሰው 1.4.2ን ከላፕቶፑ ካሽ ላይ አጥፍቶ ወደ 1.4.3 እንዲያልፍ ንገራቸው። የብድር ፕሮጀክቱን ግን መጀመሪያ አስተካክሉት፣ አለበለዚያ ያው ስህተት ይደገማል። ኔክሰስ ላይ የመሰረዝ ፈቃድ ያላቸውን ሮሎች ደግሞ እያቸው። ከአድሚኑ በቀር ማንም ላይ ካገኘህ አንሳው።

ሰንጋተራ_ባክኤንድ

ሁለት ሮል ላይ አገኘሁ። አንስቻቸዋለሁ።